በቅጠል ርግፈት ወቅት በገጠር መንገድ ብስክሌት መንዳትና የልብ ጽሞና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖች በየዓመቱ ዘመነ ጽጌ ሲገባ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ የሰዓት አቆጣጠሩ የሀገራችን ነው።

«ፎል» የሚባለው ወቅት በአማርኛ በልግ ነው ወይስ መጸው?

መጸው ነው። በልግ በሀገራችን ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚጥለው የአነስተኛው ዝናብና በእርሱ የሚዘራው አዝመራ መጠሪያ ነው። በትርጉም ሥራ ላይ «በልግ» ለፎል ተተክቶ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ገበሬ ሆኖ ያደገ ሰው ግን በልግን ከቅጠል ርግፈት ጋር አያይዞ አያውቅም።

በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። መጸው የሚገባበት መስከረም 26 በአሜሪካ ኦክቶበር 6 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ ኦክቶበር 7። እዚህ ዛፎቹ መልካቸውን መለወጥ የሚጀምሩት በዚያው ሰሞን ስለሆነ ቃሉና ወቅቱ ያለ ብዙ ጭንቅ ይገጥማሉ።

ለጽሞና የሚሆን ጉዞ ለምን በዚህ ወቅት ይመረጣል? በብስክሌትስ መሆኑ ምን ጥቅም አለው?

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብባቸው፣ በሀገር ቤት ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን የሚያለብስባቸው ቀናት። በፖቶማክ ወንዝ ዳር እነዚሁ 40 ቀናት ቅጠሉ የሚቀላበት፣ የሚገረጣበትና የሚረግፍበት ጊዜ ነው። እዚህ ሀገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረው ነበር፤ አበባ በሌለበት ምን ጽጌ አለ እያልኩ አዝን ነበር። በኋላ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቴን አቁሜ ውኃ ስጠጣ አንድ ቢጫ ቅጠል ከከፍታው እየዞረ ወርዶ በመሪው ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ የሰው ዘመን እንደ ዱር አበባ ነው የሚለው የዳዊት ቃል ስለ መፍካት ብቻ እንዳልተነገረ ያን ጊዜ ገባኝ። በሀገር ቤት የቃሉ መጀመሪያ ይታያል፤ እዚህ ደግሞ መጨረሻው።

ስለ ቅጠሉ አንድ ነገር ልጨምር። የቀኑ ብርሃን እያጠረ ሲሄድ ዛፉ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ንጥረ ነገር መተካት ያቆማል። ቢጫው ቀለም ያን ጊዜ የሚመጣ አይደለም፤ ሞቃቶቹን ወራት ሙሉ በቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ ነው፣ አረንጓዴው ሲከስም ይገለጣል። ቀዩ ግን በዚያው ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቢጫ ዛፍ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ብስክሌትን በሚመለከት፣ በመኪና የሚሄድ ሰው ዛፉን ያያል እንጂ የቅጠሉን ድምፅ አይሰማም፤ በእግሩ የሚሄድ ደግሞ ይሰማል፣ ነገር ግን በግማሽ ቀን ከከተማው ጫጫታ ብዙም አይርቅም። በሰዓት 12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት ሁለቱንም ይሰጣል።

ምን ዓይነት ብስክሌት ያስፈልገኛል? ውድ መሆን አለበት?

የለበትም። ለአፈርና ለጠጠር መንገድ የሚሆን፣ ጎማው ከ35 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው፣ ፍሬኑ በትክክል የሚይዝ ማናቸውም ብስክሌት ይበቃል። ሰፊ ጎማ ጥቂት ነፋስ ተቀንሶለት ሲነዳ መንገዱን ይቆነጥጣል፣ እጅንም አያደነዝዝም። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ካለዎት አስፋልት ይምረጡ።

ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ጎማ መንፊያና ጎማ ማውለቂያ ሳይዙ ከቤት አይውጡ፤ ጎማ መቀየርንም በሳሎንዎ ወለል ላይ ሁለት ጊዜ ተለማመዱት። ረጅም ቀሚስ የሚለብሱ እኅቶች ሰንሰለቱ የተሸፈነ ብስክሌት ቢመርጡ ወይም ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ለብሰው ጠርዙን ሰብሰብ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ነጠላም በጫፉ በኩል ወደ ኋላ ጎማ እየተንጠለጠለ ሊገባ ስለሚችል በቦርሳ ውስጥ ይቀመጥና ሲያርፉ ይደረብ።

ከዲሲ አካባቢ ሳልርቅ ጸጥ ያለ የገጠር መንገድ የት አገኛለሁ?

ሦስት ቦታዎችን እመክራለሁ፤ የመጀመሪያው በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚሄደው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ መንገድ ነው። ቦዩ በ1828 እ.ኤ.አ. መቆፈር ተጀምሮ በ1850 ከምበርላንድ የደረሰ፣ በበቅሎ የሚጎተቱ ጀልባዎች የድንጋይ ከሰል ያመላልሱበት የነበረ ነው፤ በ1924 በደረሰው ጎርፍ ሥራው ቆመ። በቅሎዎቹ ይሄዱበት የነበረው የአፈር መንገድ ዛሬም ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይቆረጥ ይዘልቃል። በ1950ዎቹ መኪና መንገድ ሊሠራበት ታስቦ ነበር፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ዊሊያም ዳግላስ በ1954 መንገዱን በእግራቸው ሄደው ስለ መትረፉ ተከራከሩ፣ በ1971ም ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። አንድ ሰው በእግሩ ዝግ ብሎ በመሄዱ የተረፈ መንገድ ላይ ዝግ ብሎ መንዳት ተገቢ ይመስለኛል።

ለጀማሪ የምመርጠው ክፍል ከኤድዋርድስ ፌሪ እስከ ሞኖከሲ የውኃ ድልድይ ያለው 18 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 37 ያህል ይሆናል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሰው አይበዛበትም፣ በግራ በኩል ነጭ ግንድ ያላቸው ትልልቅ ዛፎች ወንዙን ተከትለው ይሄዳሉ። ድልድዩ ቦዩ ራሱ ወንዝ ተሻግሮ እንዲያልፍ በድንጋይ የተሠራ፣ ሰባት ቅስቶች ያሉት ነው፤ በላዩ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩት ቅጠል የተሸከመው ውኃ ከቅስቶቹ ሥር ቀስ ብሎ ይወጣል። በመካከል በሚያገኙት ዋይትስ ፌሪ የነበረው የመሻገሪያ ጀልባ በ2020 መጨረሻ ሥራ አቁሟልና፣ ወደ ቨርጂኒያ በእርሱ ለመሻገር የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው ያጣሩ።

ሁለተኛው በፑልስቪል ከተማ ዙሪያ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የእርሻ ክልል ነው። ካውንቲው በ1980 እ.ኤ.አ. 93,000 ኤከር የሚሆን መሬት ለእርሻ እንዲቆይ ስለወሰነ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሳይርቁ በቆሎ የታጨደበት ማሳ፣ ላምና የሣር ክምር ያገኛሉ። ከመንገዶቹ ብዙዎቹ እንዳይሰፉና መልካቸው እንዳይለወጥ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ አንዳንዱ ፒስታ ነው፣ ማርቲንስበርግ መንገድን የመሳሰለው ደግሞ በከፊል አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ የሲሚንቶ ንጣፍ ነው። በሹገርላንድ መንገድ ላይ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁር ቤተሰቦች የመሠረቱት ሰፈርና በ1893 የሠሩት ትንሽ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚያ ሲያልፉ ቢወርዱና ለጥቂት ጊዜ ቢቆሙ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ከአርሊንግተን ሸርሊንግተን ተነሥቶ እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር የሚሄደው፣ በቀድሞ ባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራው አስፋልት ነው። ለቀጭን ጎማና ለልጆች ይስማማል፤ ጸጥታው ግን የሚገኘው ሊስበርግን ካለፉ በኋላ ነው።

በስንት ሰዓት ልውጣ? ምንስ ልልበስ?

በኦክቶበር መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ ግን ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ይጨልማል። ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል፤ ባለፈው ሳምንት በብርሃን የተመለሰበት መንገድ በዚህ ሳምንት ጨለማ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ይነሡ፣ ለማናቸውም የፊት ነጭና የኋላ ቀይ መብራት ይኑርዎት።

ልብስን በሚመለከት ሲነሡ ትንሽ ብርድ ሊሰማዎት ይገባል፤ ከቤት ሞቆት የወጣ ሰው ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ በላብ ይርሳል፣ ሲያርፍ ደግሞ ያ ላብ ይበርድበታል። ስስ ስስ ልብስ መደራረብ፣ ጓንትና ጆሮ የሚሸፍን ነገር ይበቃል። ሄልሜት አይቀርም።

ቅጠል በሞላበት መንገድ መንዳት ያንሸራትታል ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ይህን የምናገረው ወድቄበት ነው። ሌሊት ዘንቦ ያደረበት ጠዋት ነበር፤ በትንሽ የእንጨት ድልድይ ላይ ቅጠሉ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ሳየው ማማሩ አታለለኝና ጠምዘዝ እያልኩ ገባሁበት፤ የፊት ጎማው ከሥሬ ሸሸ። ክርኔ ተልጦ፣ መሪው ተጣሞ፣ ለአንድ ወር ያህል በግራ ትከሻዬ መተኛት አቅቶኝ ቆይቷል። ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ እርጥብ ቅጠል ግን እንደ ሳሙና ነው፣ ከሥሩም ጉድጓድ፣ ሥርና ድንጋይ ይሸሽጋል። በላዩ ሲያልፉ መሪውን ቀጥ ያድርጉ፣ አይጠምዝዙ፣ ፍሬኑን ከመግባትዎ በፊት ይያዙ እንጂ በላዩ ላይ ሆነው አይጭበጡት፤ በተለይ የፊት ፍሬን።

ሌላው የሚረሳ ነገር ጥቁር ዋልነት የሚባለው ዛፍ ፍሬ ነው። የቴኒስ ኳስ የሚያህል አረንጓዴ ፍሬ በመንገዱ ላይ ይዘንባል፤ ቅጠል ሲሸፍነው አይታይም፣ ጎማ ሲወጣበት ያሽከረክራል። ዛፉን ካወቁት ከሥሩ ሲያልፉ ዝግ ይላሉ።

አጋዘንም አለ። በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር የመራቢያ ወቅታቸው ስለሆነ፣ በተለይ ንጋትና ምሽት ላይ ግራ ቀኝ ሳያዩ መንገድ ያቋርጣሉ። አንዱ ካለፈ ሁለተኛው ይከተላልና ይቁሙ። ወቅቱ የአደንም ወቅት በመሆኑ ደማቅ ብርቱካንማ ሰደርያ መልበስ ተገቢ ነው።

በገጠር መንገድ ላይ ከመኪና፣ ከውሻና ከሰው ጋር እንዴት ልሁን?

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ አሽከርካሪ ብስክሌትን ሲያልፍ ቢያንስ ሦስት ጫማ፣ ማለትም 90 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ሕጉ ያዝዛል፤ ይሁን እንጂ ጠመዝማዛና ጠባብ መንገድ ላይ ሕጉን ተማምኖ መሐል መንገድ መያዝ አይመከርም። ቀኝዎን ይያዙ፣ ከጓደኛ ጋር ከሆኑ በመታጠፊያና በዳገት አናት ላይ ተከታትላችሁ ሂዱ። በቦዩ ዳር የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 15 ማይል (24 ኪሎ ሜትር) ነው፤ ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ሲያልፉ ደወል ይደወላል።

ውሻ ቢመጣ ከብስክሌቱ ወርደው ብስክሌቱን በመካከል ያድርጉ፣ በረጋ ድምፅ ያናግሩት። ማሳው የሰው ንብረት ነው፤ ፎቶ ለማንሣት ብሎ አጥር መሻገር ነውር ነው።

ጾመ ጽጌን እየጾምኩ ረጅም መንገድ መንዳት እችላለሁ?

ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የጾሙን ሥርዓት በሚመለከት የመጨረሻው ቃል የንስሐ አባትዎ ስለሆነ እኔ የምለው ስለ አካሄዱ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውኃ ስለማይጾም፣ ጉዞውን ቅዳሜ ማድረግ ችግሩን ያቃልላል። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ቀላል መንገድ ይምረጥ፤ በውኃ ጥም የዞረ ራስ ለጸሎትም ለመንዳትም አይሆንም።

ስንቅን በሚመለከት ከበሶ የሚበልጥ አላገኘሁም። ማታ በውኃ፣ በጥቂት ስኳርና በቁንጥጫ ጨው በጥብጬ አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ አሳድረዋለሁ፤ መንገድ ላይ ለመበጥበጥ የሞከረ ሰው እንደሚያውቀው ዱቄቱ ይጓጉልና የጠርሙሱን አፍ ይዘጋል። ከእርሱ ጋር ገብስ ቆሎ፣ ተምርና ሙዝ ከያዙ ለግማሽ ቀን ይበቃል። በቦዩ ዳር በየማረፊያው ያሉት የእጅ ውኃ መሳቢያዎች በብርድ ወራት ስለሚዘጉ ውኃዎን ከቤት ይያዙ።

መዝሙር ወይም ስብከት በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጥኩ ብሄድስ?

አልመክርም። አንደኛው ምክንያት ከኋላ የሚመጣ መኪና በጆሮ እንጂ በዓይን ስለማይታወቅ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የጉዞው ዓላማ ራሱ ነው፤ በሳምንቱ ሙሉ በመኪናችን፣ በሥራችንና በወጥ ቤታችን አንድ ነገር ሲነገርበት የሚውል ጆሮ ለሁለት ሰዓት ያህል ምንም ሳይነገረው ቢቀር አይጎድልበትም። መዝሙሩን የሚወድ ሰው ከመነሣቱ በፊት በመኪና ማቆሚያው ላይ ቁጭ ብሎ አንዱን ይስማ፤ ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ ያው ዜማ በራሱ ጊዜ እየተመለሰ ይመጣል፣ ይህም ከማዳመጫው ይልቅ ጣፋጭ ነው።

ስልክ ለአደጋ ጊዜ መያዝ ግድ ነው፤ ድምፁን ዘግተው በቦርሳ ውስጥ ያድርጉት። በአንዳንድ የወንዝ ዳር ቦታዎች ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታውን አስቀድመው ያውርዱ።

ዝምታውን ስሞክር ሐሳቤ ይበታተናል፤ የቤት ኪራይ፣ የሥራ ሽፍት፣ የሀገር ቤት ወሬ ይመጣብኛል። ምን ላድርግ?

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች እንዲህ ናቸው፤ ከዓመታት በኋላም ለእኔ እንዲሁ ናቸው። ሐሳቡን አባርራለሁ ብሎ መታገል ብስክሌቱንም ያፈጥነዋል፤ ሰው ሲናደድ ፔዳሉን እንዴት እንደሚረግጥ ቢያስተውሉ ይገርሞታል። እኔ የማደርገው በጆሮዬ የምሰማውን አንድ በአንድ መቁጠር ነው፦ የሰንሰለቱ ድምፅ፣ ከጎማው ሥር የሚንኮሻኮሸው ቅጠል፣ ከማዶ የሚጮኸው ቁራ፣ የራሴ ትንፋሽ። አራቱን ቆጥሬ ስጨርስ የቤት ኪራዩ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከፊቴ ወደ ጎኔ ተዛውሮ አብሮኝ ይሄዳል።

ሁለተኛው መንገድ አንድ ቃል ይዞ መውጣት ነው። በእሑዱ ወንጌል ከተነበበው አንዲት ቃል መርጠው፣ ለምሳሌ ጌታችን የሜዳ አበቦችን ተመልከቱ ካለው «ተመልከቱ» የሚለውን ብቻ ይዘው፣ መንገዱን ሙሉ ከእርሱ ጋር ይሂዱ። ቃሉ ላይ መድረስ አይጠበቅብዎትም። አንድ ጊዜ በዚህ ቃል ስሄድ በቦዩ ውስጥ አንገቱን ቀጥ አድርጎ የቆመ ግራጫ፣ እግረ ረጅም የውኃ ወፍ አጋጠመኝ፤ ቆሜ አየሁት፣ እርሱም አየኝ፣ ሩብ ሰዓት የሚያህል አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም። ያን ቀን ወደ ፊት አልሄድኩም፤ ከዚያው ተመለስኩ።

እየነዱ መጸለይ ይቻላል? መቁጠሪያስ?

ዓይንና እጅ የመንገዱ ስለሆኑ፣ ዓይን ጨፍኖ ወይም መቁጠሪያ ይዞ መንዳት አይቻልም። የዘወትር ጸሎትዎንና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቤትዎ ቆመው አድርሰው ይውጡ፤ በመንገድ የሚስማማው አጭር ጸሎት ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለው ከትንፋሽ ጋር በደንብ ይሄዳል፤ በሜዳው በዝግታ፣ በዳገቱ ላይ ግን ትንፋሽ ሲያጥር ጸሎቱም ያጥርና «እግዚኦ» ብቻ ይቀራል። ይህን መቅረት እወደዋለሁ። በሹገርሎፍ ተራራ ዙሪያ ባሉት ዳገቶች ላይ ከዚያች አንዲት ቃል ሌላ የምለው ተርፎኝ አያውቅም።

ረዘም ላለ ጸሎት ይውረዱ፣ ብስክሌቱን ከዛፍ ያስደግፉ፣ ሄልሜትዎን አውልቀው ይቁሙ። መቁጠሪያው ከኪስ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

ብቻዬን ልሂድ ወይስ ከሰው ጋር?

መንገዱን እስኪለምዱ ከሰው ጋር። ሁለት ሆኖ መሄድ ጽሞናን አይከለክልም፤ እኔና አንድ ወዳጄ እስከ ሞኖከሲ ድልድይ ድረስ ላለመነጋገር ተስማምተን እንሄዳለን፣ በዚያ ዳቦ ቆርሰን ስንመለስ እናወራለን። ከስድስት ሰው በላይ ከሆነ ግን ጉዞው ሽርሽር ይሆናል፤ ሽርሽርም መልካም ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ብቻዎን ሲወጡ የት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ተናግረው ይውጡ።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ አይደለሁም፤ ይህ እኔን ይመለከታል?

ይመለከታል። የቀን አቆጣጠሩንና የጸሎቱን ቃል ከራሴ ልማድ ተነሥቼ ጻፍኩ እንጂ ዝምታው የማንም የብቻ ርስት አይደለም። በፍጥረት ላይ ማስተንተንን ከእምነታቸው የተማሩ ሙስሊም ወዳጆች አሉኝ፤ ከእነርሱ ጋር ስሄድ የሶላት ሰዓት የት ላይ እንደሚደርስብን አስቀድመን እናያለን፣ ንጹሕ ሣር ያለበትን ማረፊያም ለዚያ እንመርጣለን። ፕሮቴስታንት ወንድሞችም መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ይላል፤ ከቅዳሴ ይልቅ በዚያ እግዚአብሔርን ባስበውስ?

ጥያቄው በቅን ልብ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ በሰው መካከል መቆም የከበዳቸው ሰዎች ናቸው። መልሴ ግን አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም የሚል ነው። በቅዳሴ የምንቀበለውን በዛፍ ሥር አንቀበለውም፤ በመንገዱም የሚሆነው፣ በቅዳሴ የሰማነው ቃል በውስጣችን ቦታ እንዲያገኝ ጊዜ መስጠት ነው። ቅዳሴውን የተወ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመንገዱ ላይ የሚያስበው ስለ ብስክሌቱ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል፤ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ።

በዘመነ ጽጌ ደግሞ በየሳምንቱ ከቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረና ያስቀደሰ ሰው በዚያው ቀን በብስክሌት መውጣት የለበትም፤ እንቅልፍ በመሪው ላይ ሳይታወቅ ይመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ነድቶ፣ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ፣ ሌሊት ማኅሌት መቆም ግን እጅግ ይስማማል፤ እግር ደክሞ ልብ ነቅቶ የሚቆምበት ሌሊት ይሆናል።

በመንገዱ ላይ ያለ ምክንያት ልቅሶ ይመጣብኛል። ጤነኛ ነው?

ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በተከታታይ የሚሠራ፣ ለሀገር ቤት ገንዘብ የሚልክ፣ የእናቱን ሞት በስልክ የተረዳ ሰው ለማልቀስ ጊዜ ሳያገኝ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ጸጥታ ሲገኝ የዘገየው ሐዘን ይደርሳል። ወሩም ስደት የሚታሰብበት ወር ነው። እመቤታችን ከሀገሯ ርቃ በማታውቀው መንገድ መንከራተቷን በየሳምንቱ በዜማ የሚሰማ ሰው ስለ ራሱ መንገድ ቢያለቅስ አይገርምም።

ሲመጣ ብስክሌቱን ያቁሙ፤ በእንባ መንገድ አይታይም። በቦዩ ዳር በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ የድሮ የውኃ በር ጠባቂዎች ቤቶች አሉ፤ የድንጋይ ግድግዳቸው ጠዋት ፀሐይ ይዞ ይሞቃል፣ ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ። ካለፈ በኋላ ወዲያው አይንዱ፣ ጥቂት ብስክሌቱን እየገፉ በእግርዎ ይሂዱ። ልቅሶው ከመንገዱ ወደ ቤትዎ ተከትሎዎት እንቅልፍና ምግብ የሚከለክልዎት ከሆነ ግን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፣ ሐኪምም ያማክሩ፤ አንዱን ያደረገ ሌላውን አይተው።

እኔ በየዓመቱ የቁስቋም በዓል ከሚውልበት ከኅዳር 6 ቀን ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ የወቅቱን የመጨረሻ ጉዞ እሄዳለሁ። በዚያን ጊዜ ቅጠሉ ሁሉ ወርዶ ስላለቀ፣ ሞቃቶቹን ወራት ሙሉ ከዛፎቹ ጀርባ ድምፁ ብቻ ይሰማ የነበረው ወንዝ ከኤድዋርድስ ፌሪ ጀምሮ እስከ ድልድዩ ድረስ ከመንገዱ በግልጽ ይታያል።